ብሩኖ ወይስ ማይኑ? «ወይስ» ያስረሳን ጥያቄ



ዛሬ ስለ ኳስ ነው። «አገሩ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ኳስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱኝ።

ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ሸዋሮቢት ወርጄ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የደረባችሁትን ጃኬት፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ፣ ቁልቁለቱን ስትጨርሱ አውልቃችሁ ጭናችሁ ላይ ታደርጉታላችሁ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል፤ የሚጠየቀው «መንገዱ ክፍት ነው?» ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን ክፍት ነበር።

ቅዳሜ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከከተራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ጨዋታ ነበረው። የልጅነት ጓደኞቼ ወደሚሰበሰቡበት ዲኤስቲቪ ቤት ሄድኩ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ በር ላይ መግቢያ የሚቀበል ልጅ፣ ጥግ ላይ ደግሞ መብራት ቢጠፋ ተብሎ የተቀመጠ ጄነሬተር። ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጭቅጭቁም ጀምሯል።

«ብሩኖ ወይስ ማይኑ?»

ኳስ ለማትከታተሉ ባጭሩ ላስረዳ። ሁለቱም የዩናይትድ አማካዮች ናቸው። ብሩኖ ፈርናንዴዝ ፖርቹጋላዊ ነው፤ እ.አ.አ በጥር 2020 ከስፖርቲንግ ሊዝበን መጣ፣ ከ2023 ጀምሮ አምበል ነው። ኳስ ሲይዝ ዓይኑ ሩቅ ነው፤ ሌላው የማያየውን ቀዳዳ ያያል፣ ይሞክራል። ከሞከረው ብዙው ጎል ይሆናል፣ ብዙው ደግሞ ለተጋጣሚ ይሄዳል። ኮቢ ማይኑ ከማንቸስተር አጠገብ ስቶክፖርት ውስጥ በ2005 የተወለደ፣ በክለቡ አካዳሚ ያደገ ልጅ ነው። እሱ ሦስት ሰው ከብቦት ኳሷን አይለቅም፤ ዞር ብሎ ይወጣና ለቅርብ ሰው ያቀብላል። በ2024 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲ ላይ ጎል አስቆጠረ፤ በዚያው ክረምት በ19 ዓመቱ ለእንግሊዝ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰለፈ።

ከዚያ አሰልጣኝ ሩበን አሞሪም መጣ። የሱ አሰላለፍ ከኋላ ሦስት ተከላካይ፣ መሐል ላይ ሁለት አማካይ ብቻ ነው። በ2025 መኸር ላይ ብሩኖን ከፊት አውርዶ ከሁለቱ አንዱ አደረገው። ለጋዜጠኞችም ማይኑ የሚፎካከረው ከብሩኖ ጋር መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ልጁ በነሐሴ መጨረሻ በውሰት ልሂድ ብሎ ጠየቀ፤ ክለቡ ከለከለው። በሊጉ ከመጀመሪያው ደቂቃ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ወራት አለፉ። አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ። «ወይስ» የምትለዋን ቃል ደጋፊው አልፈጠራትም፤ አሰልጣኙ ነው ያቀበለው። ደጋፊው ተቀብሎ ሮጠባት።

እኛም ጋ ደርሳ ነበር።

የባጃጅ ሹፌሩ ጓደኛዬ የብሩኖ ወገን ነው። «ይሄ ሰው ባይኖር ዩናይትድ ይወርድ ነበር!» ይላል። ያለምክንያት አይደለም፤ ቡድኑ በ2024/25 በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፣ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜንም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸንፏል። በዚያ ሁሉ ውርደት ውስጥ ከሳምንት ሳምንት ቡድኑን ሲጎትት የነበረው ብሩኖ ነው። የሽንኩርት ደላላው ጓደኛችን ደግሞ የማይኑ ነው። «ያንተ ሰውዬ ኳስ በያዘ ቁጥር ልቤ ትመታለች። ማይኑ ሲይዛት ሻይ አዝዣለሁ!» ይላል። ቤቱ ይስቃል። ባጃጁ ይናደዳል። «ስንት ጎል አለው? ስንት አሲስት አለው? ቁጥር ጥራ!» ደላላው ቁጥር የለውም። «ቁጥር የማይቆጥረው ነገር አለ» ይላል፤ ባጃጁ «ቁጥር የሌለው ሰው ሁሌ እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ያስቅበታል።

በዚህ መሐል አሰላለፉ ስክሪን ላይ ወጣ። አሞሪም በዚያው ወር መጀመሪያ ተሰናብቷል፤ በጊዜያዊነት የተተካው የቀድሞው አማካይ ማይክል ካሪክ ነው። ካሪክ ማይኑን ከካሴሚሮ ጋር መሐል ላይ አስቀመጠው። ብሩኖን ወደ ፊት፣ ከአጥቂው ጀርባ፣ ወደ ድሮ ቦታው መለሰው።

ሁለቱም ገብተዋል።

ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ወራት ሙሉ የተጨቃጨቅንበት ጥያቄ በአንድ ወረቀት ፈረሰ። ዩናይትድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሲቲ መሐል ሜዳ ላይ ሲተነፍስ አላየሁትም።

እና ጨዋታው እንዳለቀ ምን ሆነ? ባጃጁ ተነስቶ «አያችሁ ብሩኖን!» አለ። ደላላው ተነስቶ «ማይኑ ባይኖር ብሩኖህ የት ነበር?» አለ። ጭቅጭቁ ካቆመበት ቀጠለ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ደቂቃ ነው። መልሱ ዓይናችን ስር ተቀምጦ ጥያቄውን ልንተወው አልቻልንም።

▪️ የውሃ አባት

ከኋላችን ጡረታ የወጡ የድሮ አስተማሪያችን ተቀምጠው ነበር። ኳስ ያያሉ፤ አይጮሁም። አሁን ሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርትና ማሾ ያለማሉ። ደላላው «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን እስቲ» አላቸው።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ «ውሃ ስናጠጣ የውሃ አባት እንመርጣለን አይደል? ቦዩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ተራ ያስጠብቃል። ሥራው ደህና በሆነ ቀን ስሙን የሚያነሳ የለም። ስሙ የሚነሳው ውሃ የጠፋ ቀን ነው። ግን ሽንኩርቱ ይበልጣል ወይስ የውሃ አባቱ ብሎ ሲጨቃጨቅ ያየሁት ገበሬ የለም። ገበሬ የሚጠይቀው ውሃው የት ጋ ቆመ ብሎ ነው።»

ባጃጁ ሊመልስ አፉን ከፈተና ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎም የማይኑ ነዎት ማለት ነው» አለ። ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ።

እኔ ግን ማታ ቤት ገብቼ አልተወኝም። «ውሃው የት ጋ ቆመ?» እና «ማን ይበልጣል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቦዩን ያስፈትሻል፤ ሁለተኛው ሰው ያስመርጣል፣ ከመረጥን በኋላም ለመረጥነው ጥብቅና ያስቆመናል።

▪️ አሥር ዓመት የፈጀ «ወይስ»

የካሪክ ነገር የበለጠ የሚያስገርመው የሱን ታሪክ ለሚያውቅ ነው።

ዕድሜያችሁ ሠላሳን ካለፈ «ጄራርድ ወይስ ላምፓርድ?» የሚለውን ክርክር ሳትገቡበት አልቀራችሁም። ስቲቨን ጄራርድ ለእንግሊዝ 114 ጊዜ፣ ፍራንክ ላምፓርድ 106 ጊዜ ተሰልፈዋል። ሁለቱም በክለባቸው ንጉሥ ነበሩ። ሁለቱም ወደ ፊት ሄደው ጎል ማስቆጠር ነው የሚወዱት። እንግሊዝ አሥር ዓመት ያህል ማን ይበልጣል፣ አብረው ይችላሉ ወይስ አይችሉም እያለች ተጨቃጨቀች። እኛም ይፋት ቆላ ቁጭ ብለን ለሷ ተጨቃጨቅንላት።

ውጤቱስ? በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ በፖርቹጋል በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። በ2006 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜም እንደዚያው፣ ያው ፖርቹጋል፣ ያው ፍጹም ቅጣት ምት። ለ2008ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ጭራሽ አላለፉም፤ ዌምብሌይ ላይ በክሮኤሺያ 3 ለ 2 ተሸንፈው ቀሩ። በ2010 ጀርመን 4 ለ 1 አሸንፋ ሸኘቻቸው። ከሁሉም ኳስ ማከፋፈል የሚችለው ፖል ስኮልስ በግራ መስመር ተወርውሮ ከቆየ በኋላ በ2004 ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አገለለ።

ማይክል ካሪክ ደግሞ ከሁለቱ ኋላ ቆሞ ቦዩን ሊከፍትና ሊዘጋ የሚችል ሰው ነበር። በዩናይትድ አምስት የሊግ ዋንጫና የ2008ን ቻምፒየንስ ሊግ ወስዷል። ለእንግሊዝ ግን በ14 ዓመት ውስጥ የተሰለፈው 34 ጊዜ ብቻ ነው። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ከኢኳዶር ጋር አንድ ጨዋታ ተሰለፈ፣ እንግሊዝ አሸነፈች፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ወንበር ላይ ተመለሰ። ስሙ ክርክሩ ውስጥ አይነሳም ነበር፤ ክርክሩ የሁለት ሰው ብቻ ነበራ።

በዚያው ዘመን ስፔን ምን አደረገች? ሻቪ ወይስ ኢኒዬስታ ብላ አልመረጠችም። በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ያለ ዋና አጥቂ ገባች፤ ሻቪ፣ ኢኒዬስታ፣ ቡስኬትስ፣ ሻቢ አሎንሶ፣ ዳቪድ ሲልቫና ፋብሬጋስ፣ ስድስት አማካዮች በአንድ አሰላለፍ። ጣሊያንን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ሦስት ዋንጫ ወሰደች።

ስፔን የተሻሉ ልጆች ስለነበሯት ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ነበሯት። ግን እንግሊዝም ከሞላ ጎደል በዓለም የታወቁ አማካዮች ነበሯት። ያልነበራት ነገር ቢኖር «ምን ጎደለን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። እና በዚያ ዘመን ወንበር ላይ የተረሳው ሰውዬ፣ ዛሬ አሰልጣኝ ሆኖ የመጀመሪያ ሥራው «ወይስ»ን ማፍረስ ሆነ።

▪️ የኛው አማካይ፣ የኛው ቢሮ

«የፈረንጅ ኳስ ነው፣ ምን አገባን» ለምትሉ ወደ አገራችን እንምጣ።

2005 ዓ.ምን አስታውሱ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉበት፣ አገር በሙሉ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ያበደበት ዓመት ነው። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ምድባችንን እየመራን ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። በሳምንቱ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። የዚያን ቀን ሸዋሮቢት አስፋልት ላይ መኪና ማለፍ አልቻለም፤ እኔም ከአስፋልቱ መሐል ነበርኩ።

ከዚያ ዜናው መጣ። አማካዩ ምንያህል ተሾመ ቀድሞ በሁለት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቷል። ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። ተሰልፏል። ፊፋ ያሸነፍነውን ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ቆጠረው፤ ሦስት ነጥብ ሄደ።

በዚያ ሳምንት እኛ ሰፈር ምን እንደተባለ አስታውሳለሁ። «እሱ ራሱ እንዴት ይረሳል?» «ሲጀመር ለምን እሱ ይሰለፋል፣ እገሌ እያለ?» «እኔ ድሮም አልወደውም ነበር።» በአንድ ሌሊት ስለ ምንያህል ችሎታ የማናውቀውን ሁሉ አወቅን። ማን ይሻላል የሚለው ክርክር እንደገና ተቀሰቀሰ።

ግን የተጫዋቾችን ካርድ መዝግቦ መያዝ የማን ሥራ ነው? የፌዴሬሽኑ ነው። ፌዴሬሽኑም ስህተቱ የራሱ መሆኑን አምኗል። ነገሩ አንድ ሰው አንድ ወረቀት ማንበብ ነበር። ስለ አማካዩ እግር ስንት ሰዓት እንደተጨቃጨቅን ሳስብ፣ ስለዚያ ወረቀት የተናገርነው አምስት ደቂቃ የሚሞላ አይመስለኝም።

ዕድል ሆኖ ቡድኑ ያንን ተሸክሞም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ አስቀረችን። እኛም ወደ ለመድነው ተመለስን፤ ማን ቢሰለፍ ኖሮ?

ሌላ ላንሳ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ አማካዩ ሽመልስ በቀለ አንድ። ከትልልቆቹ ድሎቻችን አንዱ ነው። እኛ ቤት ግን በማግስቱ የነበረው ክርክር «ሽመልስ ወይስ ሱራፌል?» ነበር። ሽመልስ በቀለ ዓመታት በግብጽ ሊግ የተጫወተ ልምድ ያለው ሰው፣ ሱራፌል ዳኛቸው ደግሞ በፋሲል ከነማ የተወደደ፣ ኳስ አቀባይ። ሁለቱም የሚወደዱ ልጆች ናቸው። ክርክሩም ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽም፣ እኔም ገብቼበታለሁ።

ግን ጨዋታው የተካሄደው የት ነበር? በ«ሜዳችን» ነበር። ሜዳችን ደግሞ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ካፍ ስታዲየሞቻችሁ ደረጃቸውን አያሟሉም ብሎ ስላገደን። ግብጽን አሸንፈን ደስታችንን ስታዲየም ሄደን ማየት አልቻልንም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ቤቷን በኪራይ ትጫወት ነበር። እኛ ግን ሽመልስ ወይስ ሱራፌል?

▪️ ለምን ሰው ላይ እንረባረባለን?

እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። ስለ ሰው ማውራት ይቀላል፤ ስለ አሠራር ማውራት ይከብዳል፣ አንዳንዴም ያስፈራል።

የይፋት ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል አይተናል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋሮቢት ድረስ መጥቶ ከተማዋ ተይዛ ተለቃለች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ያሳለፈውን ታውቃላችሁ፤ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ የኢንተርኔት መቋረጥ፣ ሰዓት እላፊ። የማታ ጨዋታ ማየት የቀረበት፣ ውጤቱን በማግስቱ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ የሚሰማበት ጊዜ ነበር። ደውለው «ብሩኖ አገባ?» ሲሉኝ፣ የዓለም ዜና አቀባይ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጮክ ብለህ ሐሳብህን የምትናገርባቸው ርዕሶች እያነሱ ይሄዳሉ። ስለ ብዙ ነገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዞር ብሎ አይቶ ነው የሚናገረው። ስለ ዩናይትድ አሰልጣኝ ግን ቆመህ፣ እጅህን እያወራጨህ፣ «ይሄ ሰው ይውረድ!» ትላለህ፤ ማንም አይጠይቅህም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያልወጣው ክርክር ሁሉ እዚያ ይወጣል። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ያለው ጩኸት የኳስ ብቻ አይደለም።

በጎ ጎኑንም ልናገር። ያ ቤት ውስጥ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ አግዳሚ ላይ ነው። እሁድ ሰንበቴ ገበያ ላይ የሚገበያዩት ሰዎች ልጆች ናቸው። በዚህ አካባቢ «የማን ነህ?» ተብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ እዚያ ገብተን «የማን ነህ?» ስንባል «የማይኑ!» ብለን እንስቃለን። ሐሳብህን ብትቀይር የሚያባርርህ የለም። ባለፈው ዓመት ብሩኖ ይሸጥ ሲል የነበረ ዛሬ ስሙን ማሊያው ላይ አጽፎ ይመጣል፤ ቢበዛ ሻይ ያስከፍሉታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያስፈራኝ ሌላ ነው። በዚያ ነጻ ቦታ እንኳን የምንለማመደው ክርክር «አንዱን ምረጥ፣ ሌላውን ጣል» የሚለውን ነው። ሁለት ሰው ይቆማል፤ ከሁለቱ ውጭ ሦስተኛ መልስ ያለው ሰው «የማን ነህ አንተ?» ይባላል። ጋሼ ስለ ቦዩ ሲናገሩ የደረሰባቸው ያ ነው። በሳቅ ነው፣ ግን ደረሰባቸው። ከዚያ ቤት ወጥተን ስለ ቀበሌያችን፣ ስለ ውሃችን፣ ስለ መሪዎቻችን ስናወራ ሌላ ዓይነት ክርክር ከየት እናመጣለን? እጃችን ላይ ያለው የለመድነው ነው።

▪️ ኩፖን

አንድ ነገር ባጭሩ ልጨምር። ውርርድ ክርክሩን አበላሽቶታል። ድሮ ልጆች ስለ አማካይ ሲከራከሩ እንዴት እንደተጫወተ ያወሩ ነበር። ዛሬ ብዙው ወጣት ስልኩን ይዞ የሚጠብቀው ስንት ኳስ ወደ ጎል መታ፣ ካርድ አየ አላየ ነው። ኩፖኑ ላይ ያ ነው ያለው። ኳስ ቀምቶ በሁለት ሜትር የሚያቀብል ልጅ ለማንም ኩፖን አይጠቅምም። ስለዚህ የማይቆጠር ሥራ የሚሠራ ተጫዋች ዋጋ አጣ። ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ ቡድኑ 2 ለ 0 እየመራ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ «ምነው?» ስለው «አንድ ሹት ቀረኝ» አለኝ። ቡድኑ አሸንፎ ደጋፊው የሚያዝንበት ዘመን ላይ ነን።

▪️ «አታክብድብን»

ይህን ሁሉ ለባጃጁ ጓደኛዬ በማግስቱ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ጨዋታ ነው። ስድስት ቀን እንሠራለን፣ አንድ ቀን እንጮሃለን። እሷንም አታክብድብን» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሙግቱን አከብራለሁ። የሰው ጭንቀት መተንፈሻ ላይ ፖሊስ መሆን አልፈልግም። ደግሞም ማን ይበልጣል ብሎ መከራከር ሰውን ዓይኑን ገልጦ እንዲያይ ያደርገዋል። የደላላው ጓደኛዬ ማይኑ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ እንደሚያይ ያስተዋለው ለመከራከር ሲል ነው። ፍቅር ያለው ክርክር ዕውቀት ይወልዳል።

ስለዚህ ክርክሩ ይቅር አልልም። ግን ከ«ማን ይበልጣል?» በፊት ሦስት ጥያቄ ብናስቀድምስ?

አንደኛ፣ የጎደለው ሥራ ምንድን ነው? ኳስ የሚቀማ ነው ያጣነው፣ የሚይዝ ነው፣ ወይስ ወደ ፊት የሚያቀብል? ሥራው ሳይታወቅ ሠራተኛ አይመረጥም።

ሁለተኛ፣ ከማን ጋር ሆኖ? ብሩኖ ከኋላው ኳስ የሚጠብቅለት ሰው ሲኖርና ሳይኖር ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ማይኑም ከፊቱ የሚሮጥለት ሲያጣ የጎን ኳስ ብቻ የሚያቀብል ይመስላል። ብቻውን የሚለካ አማካይ የለም።

ሦስተኛ፣ ይህን ምርጫ ማን ፈጠረው? ሁለቱ ልጆች ለአንድ ወንበር የተጣሉት በራሳቸው ነው ወይስ አንድ ሰው ወንበሩን አንድ ብቻ ስላደረገው? ይህችኛዋ ጥያቄ ትበልጥብኛለች። አሞሪም ሁለት ቦታ ብቻ ስላለው ነው ብሩኖና ማይኑ የተጣሉት። ካሪክ ወንበር ጨመረ፤ ጠቡ ቆመ። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው።

በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየወረዳችን ስንት ሰው ነው እርስ በርሱ የሚናጨው ከላይ ያለው ሰው ወንበሯን አንድ ብቻ ስላደረጋት?

▪️ ሜዳው

ጥምቀት አልፎ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ልጅ ሆነን ወደምንጫወትበት ሜዳ ሄድኩ። አቧራው ያው ነው። ጎሉ መረብ የለውም። ዳር ዳሩ በዓመት በዓመት እየተቆረሰ ጠቧል። ልጆች ይጫወታሉ። ግማሾቹ ጀርባቸው ላይ በማርከር «ብሩኖ» ብለው ጽፈዋል። አንዱ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሞላው አይመስልም፣ ኳስ እየቀማ ለሌሎቹ ያከፋፍላል፤ ጀርባው ላይ ምንም የለም። «አንተስ ማነህ?» አልኩት። «እኔ ዝም ብዬ ነው የምጫወተው» አለኝ።

ከጓደኞቼ ጋር አንድ ነገር ተስማምተናል። ስለ ብሩኖና ማይኑ መጨቃጨቃችንን እንቀጥላለን። ግን በሚቀጥለው ወር ይሄን ሜዳ የሚቆርሰው ማን እንደሆነ፣ በማን ፈቃድ እንደሆነ፣ ለልጆቹ መረብ መግዛት የማን ሥራ እንደሆነ ሄደን እንጠይቃለን። ባጃጁ መጓጓዣውን እችላለሁ ብሏል። ደላላው «ብሩኖ የሚባል ኃላፊ ካለ እኔ አልናገርም» ብሎ አስቆናል። ጋሼ ደብዳቤውን እየጻፉ ነው።

መልስ ካገኘን እዚሁ እነግራችኋለሁ። ካላገኘንም እነግራችኋለሁ።

እናንተስ? በሰፈራችሁ ስለ ሰው ስትጨቃጨቁ ሳትጠይቁት የቀረ ጥያቄ የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። «ብሩኖ» ወይም «ማይኑ» ብላችሁ ብቻ የምትጽፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሱም ይፈቀዳል። 😄

ቸር ያሰማን።